«ምን አጠጡት?»፦ የአንድ የቅኔ ተማሪ ሕመም ከምሥራቅ ጎጃም

ታካሚው 21 ዓመቱ ነው። የተወለደው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ መረሬ አፈሩ ጤፍ በሚያበቅል ገጠር ነው። ገና በልጅነቱ ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ሞከረ፣ ከዚያ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ቤት ገባ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራንና የጎንጅን ስም ያልሰማ የአብነት ተማሪ የለም። መምህሩ የኔታ እንደሚመሰክሩት፣ ልጁ ባለ ሁለት ቤት ከሆነው አጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ለመድረስ ከእኩዮቹ ሁሉ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀበት። ይህ ምስክርነት በኋላ ጣጣ አመጣ፤ ፈጣን ተማሪ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ።

ስሙን፣ ቀበሌውንና የተማረበትን ደብር አልጽፍም፤ እሱን ለመለየት የሚያበቁ ሌሎች ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ። ጉዳዩን የምጽፈው በሽታው እንግዳ ስለሆነ አይደለም፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሌለበት ወረዳ የለም። በዚህ ቤት ግን ከመንደርም ከባሕር ማዶም «መንስኤው ይህ ነው» የተባለ ነገር ሁሉ ተራ በተራ ገባ። እያንዳንዱም የራሱን ሐኪም፣ የራሱን ክልከላና የራሱን ወጪ ይዞ ነው የገባው። ስለ መላምቶች ስንከራከር ይህን ወጪ የሚቆጥር ሰው ብዙ አላየሁም።

አጀማመሩ

መጀመሪያ የጠፋው እንቅልፉ ነው። ሌሊቱን ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያድራል። ከባልንጀሮቹ ጋር ቁራሽ ለመለመን መውጣት ተወ። ቀጥሎ የሚሰጡትን እንጀራ ማሽተት፣ ከዚያም መጣል ጀመረ፤ የሆነ ነገር ጨምረውበታል ይላል። በመጨረሻ የቅኔ ተማሪ ብቻ ሊያነሣው የሚችል ክስ አነሣ፦ «ቅኔውን ገና ከአፌ ሳይወጣ ከራሴ ውስጥ ይወስዱብኛል፤ እኔ ሳልዘርፈው እነሱ ይሰሙታል።» (ቅኔ መዝረፍ ማለት ቅኔን በቃል ማሰማት ነው።) ሁለት ወንዶች ስለ እሱ እርስ በርስ ሲነጋገሩም ይሰማ ነበር። አንደኛው ቅኔውን ያርማል፣ «ቤት አይመታም» ይላል፤ ሌላው ይስቃል። በአካባቢው ማንም አልነበረም።

ለሥነ አእምሮ ሐኪም ይህ የታወቀ ሥዕል ነው። ሐሳቤ ይወሰዳል ወይም ለሌሎች ይሰማል ማለት፣ ስለ ሰውየው እርስ በርስ የሚያወሩ ድምፆች፣ ሊመርዙኝ ነው የሚል የማይነቃነቅ እምነት። ይዘቱን አገሩ ይሰጠዋል፤ ቅርጹ ግን ሞጣም ሆነ ስቶክሆልም አንድ ነው። ዕድሜውም ቢሆን የሚጠበቀው ነው፤ በወንዶች ላይ ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው።

አንድ ማለዳ ለማንም ሳይናገር ተነሥቶ በእግሩ ወላጆቹ ቤት ገባ። ሆስፒታል የደረሰው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው። መካከሉን ጸበል፣ ባህል ሐኪምና ዝምታ ተካፈሉት። ዘጠኝ ወር ዘገየ ብሎ ቤተሰቡን የሚወቅስ ካለ፣ በአገራችን በዚህ በሽታ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ትልቁን ያስታውስ። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ቤት ለቤት ሲታዩ ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው ስኪዞፍሬኒያ ተገኝቶበታል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በዚያ ሚዛን ይህ ልጅ ቶሎ ከመጡት ወገን ነው።

አብሾ

መንደሩ ግን ፍርዱን የሰጠው በሳምንቱ ነው፦ አብሾ አጠጥተውታል።

ጎጃሜ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለሌላው ግን፣ አብሾ ማለት በአብነት ትምህርት ቤቶች ዙሪያ የማስታወስ ችሎታን ያሰላል ተብሎ በድብቅ ይሰጣል የሚባል መጠጥ ነው። የሚዘጋጀው ከዕፀ ፋርስ ነው ይባላል፤ አስተናግር የሚሉትም አሉ። በየጉድፍ መጣያውና በየበረቱ ዳር የሚበቅል፣ አበባው እንደ ጥሩምባ የተከፈተ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ተክል ነው። የተስማማው ሰው አንዴ የሰማውን አይረሳም፣ ያልተስማማው ያብዳል፣ ሌላው ደግሞ ደህና ኖሮ አረቄ በቀመሰ ቁጥር ይነሣበታል ይባላል። በሁለት መለኪያ አረቄ ዱላ የሚያነሣ ሰው ሁሉ በአገሩ «አብሾ አለበት» ነው የሚባለው።

ይህን ማብራሪያ በአጉል እምነት ስም ገፍቶ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ከቀረቡልን ማብራሪያዎች ሁሉ ይበልጥ ወደ ሥነ ሕይወት የቀረበው ይኸኛው ነበር። አንድ ተክል፣ አንድ መርዝ፣ አንድ አእምሮ። ዕፀ ፋርስ በእርግጥ ያሳብዳል። በውስጡ አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ሥራ ይዘጋሉ። የሚገርመው፣ አሴቲልኮሊን አንጎል አዲስ ነገር ለመያዝ ከሚያስፈልጉት መልእክተኞች አንዱ ነው። ተመራማሪዎች ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ለጊዜው እንዲረሱ ሲፈልጉ የሚሰጧቸው ስኮፖላሚን ነው። አገሩ ለማስታወሻ ያጠጣዋል የሚባለውን፣ ቤተ ሙከራው ለማስረሻ ይጠቀምበታል።

በዕፀ ፋርስ የተመረዘ ሰው ግን የራሱ መልክ አለው። አፉ ይደርቃል፣ ገላው ይግላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ሽንቱ ይያዛል። የት እንዳለ አያውቅም፤ ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስላል፤ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ያያል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። የእኛ ታካሚ የዓይኑ ብሌን ደህና ነበር፣ ትኩሳት የለውም፣ ቀኑን ሲጠየቅ ከነዕለቱ ቅዱስ ጠርቶ ነገረን። የሚያስቸግረው የሚሰማው እንጂ የሚያየው አልነበረም። ደግሞም ዘጠኝ ወር። ጠጥቶ ከሆነ ብለን ብናስብ እንኳ፣ አብሾ የዘጠኝ ወር ሕመም አያስረዳም። እሱ አልጠጣሁም ይላል፤ የኔታም በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለው በመስቀል ምለዋል።

አሁን ወጪውን እንቁጠር። አብሾን ለማውጣት የተጠራው ባህል ሐኪም የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጠው፤ በጾምና በእንቅልፍ እጦት የከሳ ልጅ ይበልጥ ደከመ። አባትየው ደግሞ የኔታን ልጄን አሳበድክብኝ ብለው በሽማግሌ ፊት አቆሟቸው። በኋላ ልጁን ለማከም እጅግ ያስፈለጉን ሰው ያን ጊዜ በተከሳሽነት ቆመው ነበር። ዕርቁ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ሌሎቹ የመንደር ጥርጣሬዎች በአጭሩ ያልቃሉ። ጓያ በልቶ ነው ያሉ ነበሩ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ በእርግጥ ይጎዳል፤ ውስጡ ያለው መርዝ ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ መስመር ይመታና ሰው በምርኩዝ ይቀራል። አእምሮን ግን አይነካም፤ በጓያ የተሽመደመደ ሰው ሐሳቡ ንጹሕ ነው። የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የወባ ምርመራ ተደረገለት፣ ደምና ስኳሩ ታየ። እንቅርት በጎጃም ደጋ የተለመደ ስለሆነና የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲዛባ አእምሮን ሊያውክ ስለሚችል ይህም ተመረመረ። የሚጥል በሽታ ምልክት የለውም፤ ጫት አይቅምም። ምንም አልተገኘም፤ በዚህ በሽታ ምንም አለመገኘቱ ራሱ ከምርመራው ውጤት ይቆጠራል።

አንገቱ የዞረ ሌሊት

ሕክምናው የተጀመረው ሃሎፔሪዶል በተባለ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ነው። በሁለተኛው ሌሊት አንገቱ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ ወፈረ። አስታማሚው አጎት ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ፤ ለእሱ ያየው ነገር ግልጽ ነበር፦ ርኩሱ መንፈስ በመድኃኒቱ ተቆጥቶ ራሱን ገለጠ። ይህ የጡንቻ መኮማተር መድኃኒቱ በወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚያመጣቸው የታወቁ ጉዳቶች አንዱ ነው። አርቴን ብለን የምንጠራው መድኃኒት ተሰጠውና አንገቱ ተመለሰ።

መድኃኒቶቹ ለምን እንደሚሠሩ ለማስረዳት ብዙውን ጊዜ ዶፓሚን ከሚባለው ሌላ የነርቭ መልእክተኛ እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. በ1952 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በታካሚዎች ላይ ሲሞከር እንደሚያረጋጋቸው ታየ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚያርፍበትን በር እንደሚዘጉ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ በዚህ መስክ ፈር የቀደደው ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ድምፆቹና ጥርጣሬው ከዶፓሚን መብዛት ጋር ይያያዛሉ። ይሁን እንጂ ዶፓሚን በሽታው የሚናገርበት አፍ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም፤ የዶፓሚኑን ሥርዓት መጀመሪያ ምን እንዳዛባው አይነግረንም። የታካሚውን ዝምታ፣ ከሰው መራቅና የፈቃድ መድከምም መድኃኒቶቹ ብዙም አይነኩትም።

አርቴንም እንደ ዕፀ ፋርስ አሴቲልኮሊንን ነው የሚዘጋው። መጠኑ ከበዛ አፍ ያደርቃል፣ ያስረሳል፣ ያቃዣል። አባትየው በአብሾ አሳበደው ብለው መምህሩን ሲከሱ፣ እኛ የልጁን አንገት የመለስነው በአብሾ ዘመድ ነው። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ሊነገራቸው የሚገባው ነገር በዚያ ጊዜ ሌላ ነበር።

በወሩ ድምፆቹ ራቁ። እንቅልፉ ተመለሰ። ሪስፔሪዶን ወደተባለ ሌላ መድኃኒት ተዛውሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከአሜሪካ የመጣው ጥቅል

የእናቱ የእህት ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። አስተዋይ ናት፣ ቤተሰቡን ትወዳለች፣ ለሕክምናው ገንዘብ የላከችውም እሷ ናት። ከገንዘቡ በኋላ ግን በሰው እጅ የኒያሲን ጠርሙሶችና በስልክ የድምፅ መልእክቶች መጡ። «እትዬ፣ የሆስፒታሉን ኪኒን አቁሚለት፣ እሱ መርዝ ነው። ይኼ ቫይታሚን ነው። ስንዴም እንዳይቀምስ።»

ሁለቱም ምክሮች ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውም አይናቅም። ኒያሲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። በቆሎ ብቻ የሚበላ ሕዝብ ኒያሲን ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ፔላግራ የሚባለው በሽታ ይመጣል፤ ቆዳ ይላጣል፣ ሆድ ይታወካል፣ አእምሮም ይስታል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የአእምሮ ሆስፒታሎች በፔላግራ ሕሙማን የተጨናነቁበት ዘመን ነበር። በ1937 ፈውሱ ኒያሲን መሆኑ ሲታወቅ፣ እብድ የተባለ ሰው በቫይታሚን ዳነ። ከዚህ በኋላ አብራም ሆፈርና ሀምፍሪ ኦስመንድ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በካናዳዋ ሳስካቸዋን ስኪዞፍሬኒያም እንዲሁ በኒያሲን ይድናል ብለው በ1950ዎቹ መሞከራቸው አይገርምም። ይሰጡ የነበረው በቀን በግራም የሚቆጠር ነው፤ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ግን ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም። ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይልም በ1973 ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው። ፔላግራ ያለበትን ሰው ኒያሲን ያድነዋል። ፔላግራ የሌለበትን ግን ቆዳውን ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል፣ ሲበዛም ጉበቱን ይጎዳል።

የስንዴው መላምት ደግሞ የአሜሪካዊው ሐኪም የከርቲስ ዶሃን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ፍጆታ በቀነሰባቸው አገሮች ወደ ሆስፒታል የሚገባው የስኪዞፍሬኒያ ታካሚ ቁጥርም እንደ ቀነሰ አየና በ1966 ጻፈው። ተጠርጣሪው ግሉተን ነበር፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን። እዚህ ላይ ነው መላምቱ ጎጃም ሲደርስ የሚደናቀፈው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በቆሎም፣ ማሽላም፣ ዳጉሳም የላቸውም። ጦርነት ዳቦውን ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉንም፣ ጉዞውንም፣ ቤተሰቡንም እንደሚያናጋ ሳንረሳ፣ ግሉተን ዋናው መንስኤ ቢሆን ኖሮ እንጀራ የሚበላ ገበሬና ቆጮ የሚበላ የቡታጅራ ነዋሪ ከዚህ በሽታ ነጻ በሆኑ ነበር። አልሆኑም። በእርግጥ ይህ ልጅ ለምኖ የሚበላ ተማሪ ነበር፤ የገብስ ቆሎም የስንዴ ዳቦም አኩፋዳው ውስጥ ይገባል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችም ከስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎች መካከል የተወሰኑት በደማቸው ለስንዴ ፕሮቲን ከፍ ያለ ፀረ አካል እንዳላቸው አሳይተዋል፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሞከረ ግሉተን አልባ ምግብም መጠነኛ ለውጥ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው አልተዘጋም፤ ለአንድ ትንሽ የታካሚ ክፍል ሊሠራ ይችል ይሆናል። ኪኒን አስጥሎ ዳቦ ለመከልከል የሚያበቃ ግን አይደለም።

ሆኖም ኪኒኑ ተጣለ። እናት ዳቦና ቆሎውን ከቤት አወጡ፤ ለእሱ ብቻ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ መጋገር ጀመሩ። እዚህ ላይ የገጠሩን ኑሮ የማያውቅ ሰው ይስታል፤ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ጤፍ ይበላል ማለት አይደለም። ጤፉ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልብስና ለግብር ይሸጣል፣ ቤተሰቡ በቆሎ ገዝቶ ይደባልቃል። ለአንድ ልጅ ንጹሕ ጤፍ ማለት ለሌሎቹ የጎደለ ነገር ነበር። ከዚያ ኒያሲኑ ተጀመረ። እንደ ዋጠው በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊቱና ደረቱ ቀልቶ መቃጠል ጀመረ። ጤነኛ ሰው «ይህ የቫይታሚኑ ጸባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምሩብኛል ብሎ ለሚያምን ሰው ግን ይህ ሲጠብቀው የኖረው ማስረጃ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ድምፆቹ ተመለሱ፣ እናቱ የሠሩትን ምንም አልቀምስም አለ፤ ሌሊት ሸሽቶ ገደል አፋፍ ላይ ተገኘ።

ከአሜሪካዊቷ ዘመድ ጋር ራሴ በስልክ ተነጋገርኩ። ሞኝ አይደለችም። በሃሎፔሪዶል የዞረውን አንገት በቪዲዮ አይታለች፤ መድኃኒቱን መርዝ ያለችው ካየችው ተነሥታ ነው። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፦ ምግቡ ይስተካከል፣ ቫይታሚን የሚጎድለው ከሆነ ይሰጠው፣ ከሕክምናው ላይ ይጨመር እንጂ በቦታው አይግባ።

የእናት ጥያቄ

እናቱ ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ሲመጡ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እሱን ያረገዝኩ ዓመት በረዶ እህሉን መቶት ነበር። እኔም ጠግቤ አላደርኩም። ከዚያ ይሆን እንዴ?»

ጥያቄው ከመንደሩም ከዘመዲቱም ማብራሪያ ሁሉ ወደ ማስረጃው ይጠጋል። በ1944 እና 1945 ክረምት ጀርመኖች ምዕራብ ኔዘርላንድስን ከብበው ሕዝቡን አስራቡት። በረሃቡ ብርቱ ጊዜ የተፀነሱት ልጆች አድገው ሲታዩ ስኪዞፍሬኒያ በእጥፍ ገደማ በዛባቸው። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና በተከሰተው ረሃብም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በአንሁይ ግዛት ከ100 ሰው ከአንድ በታች የነበረው በ1960 በተወለዱት ላይ ከሁለት ጥቂት በለጠ። ምግብ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ያለው ጠንካራ ግንኙነት እንግዲህ ታማሚው በሚበላው ላይ ሳይሆን እናቱ ባልበላችው ላይ ነው የተገኘው።

ለእሳቸው ግን በዚህ መልክ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው የሌላውን ጎን ነው፤ በዚያ ሁሉ ረሃብ ከተወለዱት 100 ልጆች 98ቱ ገደማ አልታመሙም። የአንድ ዓመት በረዶ ደግሞ የኔዘርላንድስ ከበባ አይደለም። የጥናት ቁጥር ስለ ሕዝብ ይናገራል፤ አንዲት እናትን ጥፋተኛ የማድረግ ሥልጣን የለውም።

ከዚያ የአባቱ ወንድም ነገር ተነሣ። ሰውየው በወጣትነታቸው ቤት ትዳራቸውን ጥለው፣ ሰንሰለት ታጥቀው ከገዳም ገዳም ሲዞሩ ኖረው ሞተዋል። ለብቻቸው ያወሩ ነበር፤ አገሩ ባሕታዊ ይላቸዋል፣ ይባረክባቸው ነበር። የሞተ ሰው ላይ የበሽታ ስም መለጠፍ አልወድም፤ ምናልባትም እውነተኛ ባሕታዊ ነበሩ። ሆኖም ስኪዞፍሬኒያ በዘር ሐረግ በብርቱ የሚሄድ ሕመም ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንትዮች አንዱ ከታመመ ሌላው የመታመም ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሙሉ አለመሆኑም ዘር ብቻውን እንደማይወስን ያሳያል። በ2022 የታተመ፣ ከ76 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት በዘረ መላችን ውስጥ 287 ቦታዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዙ አግኝቷል፤ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ስጋት ኢምንት ነው። «የስኪዞፍሬኒያ ዘር» የሚባል አንድ ነገር የለም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሰው አንድ ጥፋተኛ ነው የሚፈልገው፣ እኛ ደግሞ 287 እናቀርብለታለን።

ረሃብ

ምግብን በተመለከተ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉንም የወሰነው ነገር ከመላምቶቹ ውስጥ አልነበረም። ሪስፔሪዶኑ ሲመለስ ልጁ መብላት ጀመረ፤ እናት በመጀመሪያ ደስ አላቸው። ቆይቶ የማይጠግብ ሆነ። እነዚህ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ይከፍታሉ፤ ኦላንዛፒን ደግሞ ከሪስፔሪዶንም የባሰ ነው። ጎተራ ሙሉ በሆነበት በጥር ወር ይህ ችግር አይባልም። በሐምሌና በነሐሴ፣ የዓምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ አንድ ሰው የሁለት ሰው ድርሻ ሲበላ ወንድምና እህት ያጉረመርማሉ። እናት በነሐሴ ኪኒኑን ለሁለት መስበር ጀመሩ። ለማንም አልነገሩም። ልጃቸው እንዲታመም ፈልገው አይደለም፤ ረሃቡን በግማሽ ለመቀነስ ነው።

እንዲህ ያደረጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2013 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ታካሚዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠይቅ ካገኛቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን ረሃብ የሚያስታግሥ ምግብ በቤት የለም። ይህን ያነበበ ሰው ስለ ግሉተን የሚደረገውን ክርክር በሌላ ዓይን ያየዋል። እኔ በበኩሌ የታካሚ ካርድ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ከመጻፌ በፊት ወሩን አያለሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከየኔታ ነው። ዕርቁ ወርዶ ልጁን ሊጠይቁ ሲመጡ የነሐሴውን ነገር ሰሙ። ለደብሩ ተማሪዎች ከሚሰጠው ድርጎ ለልጁ ድርሻ እንዲቆረጥለት አደረጉ፤ ምንም እንኳ በጉባኤው ባይቀመጥ አሁንም ተማሪዬ ነው አሉ። ሌላም ችግር ፈቱ። በጾም ወራት ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማይቀምስ የጧቱን ኪኒን ይዘለው ነበር። የኔታ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም አሉት፤ እኛም ለጧትና ለማታ ተከፍሎ የነበረውን መጠን ወደ ማታ ሰብስበን ከመጀመሪያው መብል ጋር አደረግነው። ጸበሉ አልተከለከለም፤ ኪኒኑን ይዞ እንዲሄድ ብቻ ተስማማን። በኋላ ኪኒኑ ቀርቶ በየወሩ በሚወጋው ፍሉፌናዚን ተተካ፤ የምግብ ፍላጎቱም መጠነኛ ሆነ።

አሁን ድምፆቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ «ሥራ ሲኖረኝ አልሰማቸውም» ይላል። ከብት ይጠብቃል፣ በአጨዳ ያግዛል። ቅኔ መቁጠር ሞክሮ ነበር፤ መወድስ አልሆነለትም፣ ጉባኤ ቃና ግን ይሆንለታል። ክብደቱና የደም ስኳሩ በየጊዜው ይታያል፤ አርቴኑ ስለሚያስረሳው ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው።

ያልተቋጨው የታናሽ ወንድሙ ነገር ነው። 16 ዓመቱ ነው፤ እሱም ቅኔ ቤት ነው። የስኪዞፍሬኒያ ታካሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከ100 ወደ 9 ይጠጋል፤ 91ዱ አይታመሙም። አባትየው ከትምህርት ቤት ላስወጣው ብለው ነበር፤ ምክንያት የለውም አልናቸው። ጫትና ሐሺሽ እንዳይነካ፣ ሌሊት እንዲተኛ፣ እንቅልፉ ከጠፋ ወይም ከሰው መሸሽ ከጀመረ ሳይውል ሳያድር እንዲያመጡት ነግረናቸዋል። የኔታም ልጁን በየሳምንቱ አያለሁ ብለዋል።